በመስክና በደን ስለሚኖሩ ታናናሽ እንስሳት

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት የሚነገረው አንዱ ባጠፋ ሌላው በተቀጣ ጊዜ መሆኑን የማያውቅ የለም። እኔ ግን ይህን ተረት በምሳሌነቱ ብቻ ሳይሆን እንደ ቃሉ ተፈጽሞ አይቼዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ሳገለግል፥ ለዘር የተቀመጠ ጤፍና ስንዴ ያለበት አንድ ግምጃ ቤት በእጄ ነበረ። ከግምጃ ቤቱ ጀርባ አጋምና ቀጋ እንዶድም የተጠላለፈበት ዳዋ ነበረ። አይጥ ጆንያ መቅደድ በጀመረች ጊዜ፥ አይጢቱ የምትመጣው ከዚህ ዳዋ ነው ብለን ተማክረን በሦስት ቀን አስመነጠርነው። በዳዋው ውስጥ አንዲት ሙጭልጭላ ከልጆችዋ ጋራ ትኖር ነበርና ሠራተኞቹ በዱላ ገደሏት። በጣራው ሥር የሚያድረው ጉጉትም ድምፁ አያምርም፥ ሞት ይጠራል ተብሎ በድንጋይ ተባረረ። እኔም ይህ ሁሉ ሲደረግ ደስ ብሎኝ ቆሜ አይ ነበር።

በሚከተለው ዓመት ግን ከስንዴው እኩሌታ የሚሆነው ገለባና ኵስ ሆኖ ተገኘ፤ ሦስት የመዝገብ ደብተሮችም ከነሽፋናቸው ተበሉ። ዘሩ የገበሬዎች ነበርና፥ በሰኔ ባዶ ጆንያ ይዘው የተመለሱትን ሰዎች ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አጥፊዪቱ አይጥ በዳዋው ውስጥ አልነበረችም፤ በግምጃ ቤቱ ወለል ሥር ነበረች እንጂ። በዳዋው ውስጥ የነበሩት ጠላቶችዋና ወደ ሰው ቤት የማይገቡ የሌላ ወገን አይጦች ነበሩ። እኛ ሌባውን ትተን ዘበኛውን ገደልነው። ይህን የተረዳሁት ኋላ መጻሕፍት ሳነብና ዐዋቂዎችን ስጠይቅ ነው፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ስሕተቴ ነው።

እንግዲህ መምህራን ለተማሪዎቻችሁ፥ ሽማግሎችም ለመንደራችሁ ሰው ትነግሩ ዘንድ፥ አስቀድሜ ስለ እነዚህ እንስሳት ወገንና ጠባይ እናገራለሁ። ሰው በልማድ «አይጥ» ብሎ በአንድ ስም የሚጠራቸው ፍጥረቶች ወገናቸው ብዙ ነው። እውነተኞቹ አይጦች የሚታወቁት በጥርሳቸው ነው። የፊት ጥርሳቸው ከላይ ሁለት ከታች ሁለት ሆኖ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማደጉን አያቋርጥም። ጠንካራው ልባስ በጥርሱ ፊት ለፊት ብቻ ስላለ፥ በስተኋላው ያለው ለስላሳው ክፍል ቶሎ እየተበላ ጥርሱ እንደ አናጢ መሮ ዘወትር ስለት ያወጣል። ስለዚህ አይጥ እንጨትና ቆዳ የምትቈረጥመው ስለ ራብ ብቻ አይደለም፤ ካልቈረጠመች ጥርስዋ እየረዘመ አፍዋን ይዘጋባታልና ነው። ጃርትና ፍልፈልም በዚሁ በጥርሳቸው ከአይጥ ጋራ ይቈጠራሉ።

ጥንቸል ግን ከነዚህ አይደለችም። ከላይኞቹ ሁለት ጥርሶችዋ በስተኋላ ሌሎች ሁለት ደቃቅ ጥርሶች ስላሉዋት ሊቃውንት ለብቻዋ መድበዋታል። ሽኮኮማ ይልቁን ታስደንቃለች። መጠንዋ የጥንቸል ያህል ሆኖ ሳለ፥ በአጥንትዋና በዘርዋ ቢመረመር ዘመድዋ ዝሆን ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ለተማሪዎች ስትነግሩ እንደሚስቁ ዐውቃለሁ፤ እኔም በመጀመሪያ ጊዜ ባነበብሁ ጊዜ ስቄ ነበር። ደግሞ በመልክ አይጥ የሚመስል፥ አፉ ግን እንደ ወስፌ የሾለ፥ ዓይኑ እጅግ ያነሰ አንድ ታናሽ ፍጥረት አለ። ይህ እህል አይነካም፤ የሚበላው ትልና አንበጣ ጢንዚዛም ነው። ሰውነቱ ታናሽ ስለ ሆነ ሙቀቱ ቶሎ ይጠፋበታል፤ በዚህ ምክንያት ጥቂት ሰዓት ሳይበላ ቢቈይ ይሞታል። ቀንም ሌሊትም እየተነሣ ተባይ የሚለቅመው ስለዚህ ነው። ገበሬው ግን አይጥ መስሎት በማረሻው ጫፍ ይገድለዋል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከደብረ ኤልያስ ወደ ደቡብ የወረደ ሰው ከዓባይ በረሃ ይደርሳል፤ የበረሃው ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1000 ሜትር እንኳ አይሞላም። ወደ ሰሜን ምሥራቅ የወጣ ሰው ደግሞ ከጮቄ ተራራ ይደርሳል፤ የተራራው ራስ ከ4000 ሜትር ያልፋል። ብቸና ከዚህ ተራራ በስተ ምሥራቅ፥ ሞጣ በስተ ሰሜን ናቸው። እንግዲህ በአንድ አውራጃ ውስጥ ቈላም ወይና ደጋም ደጋም ውርጭም አለ፤ ለያንዳንዱም የአየር ጠባይ የራሱ አይጥ አለው።

ከጮቄ ላይኛው ክፍል ጓሳና ጅብራ በሚበቅልበት፥ ክረምት ከበጋ ሌሊቱ በሚበርድበት፥ ጠጕራቸው የረዘመ የውርጭ አይጦች ይኖራሉ። ከዚያ ዝቅ ሲል በመስኩ ሣር ውስጥ የሐበሻ የሣር አይጥ የምትባለው አለች፤ ይህችኛዪቱ በቀን ትሠራለች፥ ሣር ትበላለች፥ በሣሩም መካከል ጠባብ መንገድ ትጠርጋለች። ከብት ጠባቂ ልጆች ይህን መንገድ ከሁላችን ይልቅ ያውቁታልና መምህሩ ስለዚህ ነገር ከተማሪው ቢማር ነውር የለበትም። በዚያው መስክ ጠጕርዋ እንደ ብሩሽ የሻከረ ሌላ አይጥ አለች፤ እርስዋ የምትወድደው ጕንዳንና ትል ነው። ረጅም ሣር ባለበት ስፍራ ደግሞ ክብደትዋ ከ10 ግራም ብዙ የማይበልጥ፥ ጅራትዋን በሣር አገዳ ጠምጥማ የምትወጣ ደቃቅ አይጥ ትገኛለች። በደን ውስጥ እግርዋ ነጭ የሆነች፥ በሌሊት ብቻ የምትወጣ አይጥ አለች። ከምድር በታችም ፍልፈል ብቻውን ጕድጓዱን እየማሰ ሥር ይበላል።

እነዚህ ሁሉ በአንድ አገር ተቀምጠው የማይጣሉበት ምክንያት፥ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰሞነኞች ጊዜውንና ስፍራውን ስለ ተካፈሉ ነው። አንዱ በቀን ሲሠራ ሌላው ያርፋል፤ አንዱ ሣር ሲበላ ሌላው ጕንዳን ይበላል፤ አንዱ ከምድር በላይ ሌላው ከምድር በታች ነው። ሊቃውንት ብዝኃ ሕይወት የሚሉት ይህንኑ የወገንና የኑሮ ብዛት ነው።

በኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ድረስ መቶ ያህል የአይጥ ወገን መኖሩ ተመርምሮ ታውቋል፤ ከነዚህም እኩሌታ የሚሆኑት ከኢትዮጵያ ሌላ በዓለም ላይ አይገኙም። ይህም የሆነው ከፍ ያለው ደጋችን እንደ ደሴት ስለ ሆነ ነው። ደሴትን ባሕር እንደሚከብበው ደጋውን ሞቃት ቈላ ይከብበዋል፤ የዓባይም ገደል ጎጃምን ከሸዋና ከወሎ ለይቶ ይዟል። የውርጭ አይጥ ይህን ሐሩር ተሻግራ ዘመድዋን ልትጠይቅ አትችልም። ስለዚህ በያለችበት ብዙ ሺህ ዘመን ለብቻዋ ስትኖር መልክዋና ጠባይዋ ይለያል። ይህን አስቀድሞ ለዓለም ካስታወቁት ሰዎች አንዱ የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። እርሱ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ስሜንና ወደ ጎንደር መጥቶ ሳለ፥ የሣር አይጢቱን፥ እግረ ነጪቱን፥ ከደንቢያም ፍልፈሉን ወደ አገሩ ወስዶ ጻፈባቸው። ቀይ ቀበሮንም በስሜን ስም የጠራው እርሱ ነው።

ስለ ጎጃም ግን ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር አሁን እናገራለሁ። በ1919 ዓመተ ምሕረት በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ ያለው ቤተ መዘክር ዊልፍሬድ ኦስጉድ የሚባል ሊቅ ከጓደኞቹ ጋራ ወደ ኢትዮጵያ ላከ። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ሲሆኑ፥ ጎጃምን የሚገዙት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ከተጓዦቹ አንዱ ሉዊስ ፉየርቴስ የታወቀ የወፍ ሠዓሊ ነበር፤ የአገራችንን ወፎች ሥሎ በተመለሰ በጥቂት ወር ውስጥ በባቡር አደጋ ሞተ። እነዚህ ሰዎች በሰከላ በኩል በግልገል ዓባይ ምንጭ አጠገብ፥ በ2600 ሜትር ከፍታ ገደማ፥ ከዚያ በፊት ማንም ያልጻፈበትን አንድ የውሃ አይጥ ያዙ። ጠጕሩ ውሃ የማያስገባ ድፍን፥ መልኩ ዐረር የሚመስል፥ የኋላ እግሩ ለዋና የተስማማ ነበረ። ኦስጉድም በ1928 በፈረንጆች አቈጣጠር ስሙን ኒሎፔጋሚስ አለው፤ ይህም በጽርእ ቋንቋ የዓባይ ምንጭ አይጥ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ አልተገኘም። በዓለም ሁሉ ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም በቺካጎ በሣጥን ውስጥ የደረቀ ቆዳና የራስ ቅል ነው። አንዳንድ ሊቃውንት በመካከለኛው አፍሪቃ ወንዞች ከሚኖሩት የውሃ አይጦች ጋራ አንድ ነው ሲሉ ነበር። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2020 የታተመ ምርመራ ግን ከዚያ ከ93 ዓመት በፊት ከተያዘው አይጥ ዘረ መሉን አውጥቶ መርምሮ፥ ለእነርሱ የቅርብ ዘመድ ቢሆንም ራሱን የቻለ ወገን መሆኑን አስረድቷል። ዛሬ ይኑር ወይም ይጥፋ የሚያውቅ የለም፤ የዓለም የተፈጥሮ ጠባቂዎች ማኅበርም ምናልባት ከጠፉት ወገን አድርጎ መዝግቦታል። በምንጩ ዙሪያ የነበረው ቄጠማና ቍጥቋጦ ለእርሻና ለግጦሽ ሆኗልና ተስፋው ጥቂት ነው። ነገር ግን በወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ነገሩን አስቀድሞ ካልሰማ፥ ቢያየውም አይጥ ነው ብሎ ያልፈዋል። ይህን ሁሉ የማትተው ስለዚህ ነው።

አንዳንድ ሽማግሌ «አይጥ ብትጠፋ ምን ይጎድላል?» ይል ይሆናል። ለዚህ መልሱ ከጮቄ ላይ አለ። በጮቄ ተራራ ቀይ ቀበሮ ይኖር ነበር፤ ዛሬ ግን ከዚያ ፈጽሞ ጠፍቷል። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ ሌላ በየትም አገር የለም፤ ዛሬ በመላው ኢትዮጵያ የቀረው ከ500 አይበልጥም። በባሌ ተራሮች ኵሱ በተመረመረ ጊዜ ከሚበላው ከመቶ ከ90 የሚበልጠው የደጋ አይጥና ፍልፈል ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ እርሻ ወደ ላይ ሲወጣ፥ ጓሳው ሲታጨድና በከብት ሲጋጥ፥ አስቀድማ የምትሄደው አይጥ ናት፤ ቀበሮውም ይከተላታል። በውሻ በሽታና በሰው ዱላ የሞተውም ብዙ ነው።

ስለ ጓሳ ካነሣሁ የመንዝን ሰዎች ሥራ ሳልናገር አላልፍም። መንዝ ጓሳ በሚባለው ስፍራ የአገሩ ባላባቶች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሕግ አቁመው፥ ጓሳውን ለጥቂት ዓመታት ዘግተው፥ በተወሰነ ጊዜ ብቻ እየከፈቱ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዱት ነበር። በ1967 ዓመተ ምሕረት የመሬት ዐዋጅ ሲወጣ የቀድሞው ሥርዓት ፈረሰ፤ ሆኖም የአገሩ ሰው ኋላ በአዲስ መልክ መልሶ አቋቁሞት ዛሬ በማኅበር ይጠብቀዋል። በዚያም ሣሩም አይጡም ቀበሮውም አብረው አሉ። የመንዝ አባቶች ስለ አይጥ አስበው ያደረጉት እንዳልሆነ የታወቀ ነው፤ ያሰቡት ስለ ቤታቸው ክዳን ነበር።

ፍልፈልም የሚጠላው ድንችና ሥራ ሥር ስለሚያጠፋ ነው፤ መጠላቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን በመስኩ ላይ የሚያወጣው የአፈር ክምር ከሥር ወደ ላይ የተገለበጠ አፈር ነው፤ በጕድጓዱም የዝናብ ውሃ ወደ ምድር ይሰርጋል። በሬ ያላረሰውን ተራራ ያረሰው ፍልፈል ነው ማለት ይቻላል።

ስለ ደኑም እንናገር። በጎጃምና በጎንደር ደጋ የቀድሞው ደን የቀረው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። በደቡብ ጎንደር ብቻ እንዲህ ያለ ደን 1400 ያህል መኖሩ ተቈጥሯል። ከሩቅ ሲያዩት በእርሻው ባሕር መካከል እንደ ደሴት ጥቍር ሆኖ ይታያል። ወይራው፥ ጽዱ፥ ዝግባው፥ ጥቍር እንጨቱ ከነዚያ ውስጥ ባይኖር ልጆቻችን በስም ብቻ ያውቁት ነበር። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የሚባሉት የደን ሊቅ እነዚህን ደኖች ብዙ ዓመት መርምረው፥ ለደኑ መታደስ ትልቁ መሰናክል ከብት ገብቶ ችግኙን መብላቱና መርገጡ መሆኑን ጽፈዋል። በዚህም ምክንያት በአንዳንድ አድባራት የድንጋይ አጥር ታጥሯል። ደግሞም እርሳቸውና ጓደኞቻቸው መሬት ላይ የወደቀውን የዛፍ ዘር ሲመረምሩ፥ ብዙው ሳይበቅል በአይጥና በነፍሳት መበላቱን አግኝተዋል።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያስ አይጥ የደን ጠላት ናት» ሊል ይቸኵላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዛፍ በየዓመቱ ብዙ ሺህ ዘር የሚያወርደው ብዙው እንዲበላ ታስቦለት ነው ያሰኛል፤ ከሺው አንዱ ቢበቅል ይበቃዋል። ከብት ግን ከተበላው ተርፎ የበቀለውን ያንን አንዱን ይበላዋል። በሌላም አገር ደኖች በተደረገ ምርመራ አይጥ ለክፉ ቀን ብላ ዘር ከምድር በታች እንደምትቀብርና የረሳችው እንደሚበቅል ታውቋል። ስለ አንድ ነገር ብቻ ጠይቆ ፍርድ መስጠት በችሎትም ቢሆን ያስነቅፋል። በባሕር ዛፍ ሥር ግን ሂዱና ተመልከቱ። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባ ጠቃሚ ዛፍ ነው፤ ሆኖም በሥሩ የሚበቅለው ቍጥቋጦ ጥቂት ስለ ሆነ መጠለያውም ጥቂት፥ ታናናሽ እንስሳቱም ጥቂት ናቸው።

ስለ አጥፊዪቱ አይጥ ዝም ብዬ ባልፍ ገበሬው ይታዘበኛል። በእርሻ ላይ ከሁሉ ይልቅ የምታጠፋው ጡትዋ የበዛ አይጥ የምትባለዋ ናት። ሌሎች አይጦች ጡታቸው ጥቂት ሲሆን ይህችኛዪቱ እስከ 24 ይደርሳል። እርግዝናዋ 23 ቀን ያህል ነው፤ በአንድ ጊዜ አሥርና ከዚያም በላይ ትወልዳለች፤ ልጆችዋም በሦስት ወር ገደማ ለመውለድ ይደርሳሉ። መውለድ የምትጀምረው ዝናብ ከጣለ አንድ ወይም ሁለት ወር ቈይታ፥ ሣሩ ዘር ሲይዝ ነው። ስለዚህ ቍጥርዋ እጅግ የሚበዛው ልክ እህሉ በሚያፈራበት ጊዜ ይሆናል። ገበሬው የሚነሣባትም በዚያን ጊዜ ነው፤ ይህ ግን ቤት ከተቃጠለ በኋላ ውሃ እንደ መቅዳት ያለ ነው። በሚያዝያና በግንቦት፥ ምግብ ባነሰበት፥ ጥቂቶች ብቻ በቀሩበት ጊዜ፥ አንድ ገበሬ ብቻውን ሳይሆን መንደሩ በሙሉ በደቦ ቢያጠምዳት፥ ከዚያ የምትገደለው አንዲት አይጥ በኅዳር ከሚገደሉት ብዙ አይጦች ትበልጣለች።

የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በትግራይ ደጋ መርምረው፥ የድንጋይ እርከን በበዛበት እርሻ አይጥም ጥፋቱም እንደሚበዛ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2014 አሳትመዋል። እርከን አፈርን ስለሚያድን ማፍረስ አይገባም፤ ነገር ግን ድንጋዩ ሲካብ ቀዳዳው በጠጠርና በአፈር ቢደፈን መልካም ነው። ጎተራም ከምድር አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በእንጨት እግር ላይ ቢቆም፥ በየእግሩም ላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ የቆርቆሮ ቆብ ቢደረግ፥ አይጥ ልትወጣበት አትችልም። የኛ ግምጃ ቤት ይህ ሁሉ አልነበረውም። መርዝን በሚመለከት ግን እጅግ ተጠንቀቁ፤ አንዳንዱ መርዝ የበላችውን አይጥ ብቻ ሳይሆን እርስዋን የበላውን ጉጉትና ድመትም ይገድላል፤ ልጆችም ነክተውት የሞቱበት ጊዜ አለ።

አሁን ለመምህራን ስለ ሒሳቡ ልጻፍ፤ ለተማሪ ጆሮ ከሚነገረው ይልቅ በእጁ የቈጠረው ይቀመጣልና። ለምሳሌ ሁለት መስኮች አሉ እንበል። በያንዳንዱ 40 አይጦች አሉ። በአንደኛው 38ቱ ከአንድ ወገን፥ 2ቱ ከሌላ ወገን ናቸው። በሁለተኛው አራት ወገኖች ሆነው ለያንዳንዱ 10 ናቸው። ቍጥራቸው እኩል ከሆነ የትኛው መስክ ባለጸጋ ነው? ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሁለት አይጦች ብታወጡ፥ ከ40 አይጦች ሊወጣ የሚችለው ጥንድ 780 ነው። በመጀመሪያው መስክ ወገናቸው የተለያየ ጥንዶች 76 ብቻ ናቸው፤ ይህም ከመቶ 10 ያህል ነው። በሁለተኛው ግን 600 ናቸው፤ ይህም ከመቶ 77 ያህል ነው። እንዲህ ከሆነ የወገንን ብዛት በቍጥር መለካት ይቻላል ማለት ነው። አንድ በሽታ ወይም አንድ ድርቅ በመጀመሪያው መስክ ያለችውን አንዲት ወገን ቢመታት፥ በእርስዋ የሚኖሩት ጉጉትና ጭልፊት ሁሉ ይራባሉ፤ በሁለተኛው ግን ሦስቱ ይተርፋሉ።

ደግሞም በዱር ያለውን አይጥ ሁሉ ሳይዙ እንዴት ሊቈጠር ይቻላል የሚል ተማሪ ይኖራል። ሊቃውንት የማይገድል የቆርቆሮ ወጥመድ በመስኩ ላይ በየአሥሩ ሜትር ዘርግተው፥ የተያዘውን ምልክት አድርገው ይለቅቁታል። ይህን በትምህርት ቤት በባቄላ አድርጉት። በማሰሮ ውስጥ ያልተቈጠረ ባቄላ ጨምሩ። 20 አውጥታችሁ በቀለም ነክራችሁ መልሱና አማስሉት። ዳግመኛ 20 አውጡ። ከነዚህ 5ቱ ቀለም ያላቸው ቢሆኑ፥ 20 በ20 ተባዝቶ ለ5 ሲካፈል 80 ይሆናል፤ በማሰሮው ያለው ባቄላም ወደዚህ የቀረበ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉን ቈጥራችሁ አረጋግጡ። ልክ ባይመጣ አትደንግጡ፤ ስንት ጊዜ ቢደገም እንደሚቀርብ ራሳቸው ያገኙታል። በሕይወት ያለውን አይጥ ግን ልጆች በእጃቸው እንዳይዙ አጥብቃችሁ ከልክሉ፤ ንክሻውም ሽንቱም በሽታ ያመጣልና።

ሳይይዙም ሳይገድሉም ወገናቸውን የሚያውቁበት ሌላ መንገድ አለ። ጉጉት አይጥን የሚውጠው ሳይሰባብር ነው። ሥጋው ከተፈጨ በኋላ ጠጕሩንና አጥንቱን እንደ አውራ ጣት ያለ ድብልብል አድርጎ በአፉ ይተፋዋል። በቤተ ክርስቲያን ጣራ ሥር፥ በአሮጌ ዋርካ ግንድ ወይም በገደል ዋሻ ሥር ይህ ተከምሮ ይገኛል። ደረቁን ልቀሙና ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ዘፍዝፋችሁ በእሾህ ፈልፍሉት፤ እጃችሁንም ታጠቡ። ከአንዱ ድብልብል ሁለት ሦስት የራስ ቅል ይወጣል። ረጃጅም የፊት ጥርስና ከዚያም በኋላ ባዶ ድድ ያለው የአይጥ ነው፤ ጥርሱ ከፊት እስከ ኋላ ያለ ክፍተት የተደረደረ፥ ጫፉም የሾለ የሆነው የዚያ አፈ ሹል ተባይ በላ ፍጥረት ነው። በወር በወሩ እየለቀማችሁ በደብተር ብትጽፉት፥ በዓመቱ መጨረሻ የመንደራችሁን ታናናሽ እንስሳት የሚናገር መዝገብ ይኖራችኋል፤ ይህን ያህል የሚበቃ መዝገብ በብዙ ወረዳ ገና አልተጻፈም።

እኔ ከምሠራበት ግምጃ ቤት ጀርባ ያለውን ስፍራ ኋላ መልሰን አጋምና ቀጋ ተከልንበት። ጉጉቱ ተመልሶ በጣራው ሥር የገባው በአራተኛው ዓመት ነው፤ ከሥሩ የለቀምሁት የመጀመሪያው ድብልብል ሦስት የራስ ቅል ነበረበት፥ ሁለቱም የቤት አይጥ ነበሩ።